በእህቴ ቀሚስ የታረቅሁት ባል

እኔ ባል ያገባሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ወንድ ነኝ፤ አትደንግጡ። ባሌ የጂምናስቲክ አስተማሪው ወርቁ ነበር፤ ጋብቻችንም የቆየው አንድ ሰዓት ተኩል ነው። በዚያች አንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ተገርፌያለሁ፣ ኮብልያለሁ፣ ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ ጠይቄያለሁ፣ ታርቄም ወደ ቤቴ ተመልሻለሁ። ሌላው ሰው ሃያ ዓመት የሚፈጅበትን እኛ ከምሳ በኋላ ጀምረን ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨርሰነዋል። ይህን ታሪክ በየድግሱ እያወራሁ ብዙ ሰው አስቄበታለሁ። ሁልጊዜ የማቆመው ግን መጋረጃው የተዘጋ ቦታ ላይ ነው። ዛሬ እስከ መጨረሻው ልናገረውና ይውጣልኝ።

ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት ቢሆነው ነው። ጎንደር ከተማ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። መልኬን አሁን አይታችሁ አትፍረዱ። ያን ጊዜ ቀጭን፣ አንገተ ረዥም፣ ጢም የሚባል ነገር ያልጎበኘኝ ሰው ነበርሁ። እናቴ በሕይወቷ ሳለች «ይኼ ልጅ ሴት ቢሆን ኖሮ ምን ያለ ባል ያገኝ ነበር» ትል ነበር። ወንድ በመሆኔ ምን እንደማገኝ ግን አንድ ቀን አንሥታ አታውቅም።

ዳይሬክተራችን ለወላጆች በዓል ቴአትር ጻፈ። ርእሱ «ልብ የገዛች ሚስት» ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው፤ አንዲት ባለትዳር ሴት ከጎረቤት ሴቶች ጋር ገጥማ ፊደል ልቁጠር ትላለች። ባሏ ይመክራታል፤ አትሰማም። በአለንጋ ይመክራታል፤ ኮብልላ እናቷ ቤት ትገባለች። እዚያ ቁጭ ብላ ስታስበው ጥፋቱ የራሷ መሆኑ ይገለጥላታል። ድንጋይ ተሸክማ መጥታ እግሩ ላይ ትወድቃለች፤ እሱም «ተነሺ፣ ምሬሻለሁ» ይላል፤ መጋረጃው ይዘጋል። ዳይሬክተሩ ሲያነብልን ራሱ ሁለት ጊዜ አልቅሷል። ከአስተማሪዎቹ አንድ ሰው ብቻ «ፊደል መቁጠር ጥፋት ከሆነ እኛ እዚህ ምን ተቀምጠን ነው ደመወዝ የምንበላው?» ብሎ ጠየቀ። ያ ሰው እኔ ነበርሁ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ፤ ግን ወርቁ ነው። ለጥያቄው ቅጣት ባል ሆኖ እንዲጫወት ተፈረደበት።

ሚስት ጠፋች። በዚያን ጊዜ ሴት መድረክ ላይ አትወጣም። እንኳን መድረክ፣ አዳራሹ ውስጥም ብትገባ ከኋላ ካሉት አግዳሚዎች አታልፍም። አስተማሪዎቹ አንድ በአንድ አንገታቸውን እያዞሩ እኔን ያዩ ጀመር። «እኔ አልችልም» አልሁ። ዳይሬክተሩም «እንዲያውም እምቢታህ ራሱ የሴት ነው፤ ይበል» አለና ስሜን ጻፈው። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

አሁን እህቴን ላስተዋውቃችሁ። ታላቄ ናት፤ እታለም እላታለሁ። እናታችን ስትሞት እኔ ገና የሰው እጅ የማይ ልጅ ነበርሁ፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ከደባርቅ ወዲያ ያለው የድብ ባሕሩ ገበሬ አያ ደምሌ ሊያገባት ሲጠይቅ «ወንድሜን የምታስተምረው ከሆነ» ብላ ነው እሺ ያለችው። አስተማረኝም፤ ውሸት አልናገርም። ስንቄን በአህያ ጭኖ እየላከ፣ በየክረምቱ ልብስ እየገዛ አስተማረኝ። ያስተማረኝን ሰው እንዴት አድርጌ ክፉ ነው እንደምል እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ክፉ ግን ነበር፤ ለእሷ። እኔን ባስተማረበት እጁ እሷን ይመታል። እንግዲህ ይህን ደምሩልኝ።

ቴአትሩ ከመጀመሩ ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ጠዋት ቀሐ ወንዝ አጠገብ ከተከራየኋት ቤት ስወጣ እታለም ደጃፌ ላይ ተቀምጣለች። ጤፍ የጫነ ማኪና ላይ፣ ከጆንያው አናት ተቀምጣ ነው የመጣችው፤ ቅንድቧ ሁሉ አቧራ ነበር። በእጇ ያለው አንድ ቋጠሮ ብቻ ነው። ቋጠሮው ውስጥ አንድ የክት ቀሚስ አለ። «አልመለስም» አለችኝ። ከዚያ በላይ አልተናገረችም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ጠይቆ መስማት ደግሞ አንድ ነገር እንድታደርግ ያስገድዳል።

አያ ደምሌ ሽማግሌ ላከ። ሦስት ናቸው፤ አፈ ጉባኤያቸው አያ መኩሪያ የሚባሉ፣ ሁለቱንም ወገን የሚያውቁ፣ ነጭ ሽበታም ሰው ናቸው። አንድ እሁድ ተቀመጡ። እታለም ከበሩ ጀርባ ሆና «አልመለስም» አለች፤ ይህችኑ ብቻ። የሚገርማችሁ ሽማግሎቹ አልተቆጡም። ሁለቱ «ይህን ያህል ካንገሸገሻት ሰማንያዋ ይቀደድ፣ ድርሻዋን ትውሰድ» ወደሚለው አዘነበሉ። አያ መኩሪያ ብቻ «ከሁለት ሳምንት በኋላ እንቀመጥ፣ ያን ጊዜ ወንድሟ ይናገርላት» ብለው ቀጠሮ ሰጡ። ወንድሟ እንግዲህ እኔ ነኝ፤ የወርቁ ሚስት።

ልምምዱ ተጀመረ። እኔ እንደ ሴት ስራመድ ያዩ ሁሉ ሴት አንካሳ ናት ወይ ብለው ጠየቁ። ዳይሬክተሩ «ሴትነት ከዓይን ይጀምራል፤ ቀና ብለህ አትይ» አለኝ። ቀና ሳልል ስራመድ ከመድረኩ ወደቅሁና ግንባሬ አበጠ። ድምፅ ደግሞ አለ። የሴት ድምፅ አውጣ ተባልሁ። ያወጣሁትን ድምፅ ስለ ራሴ ክብር ስል አልገልጸውም፤ ዘበኛው ግን በትሩን ይዞ ሮጦ ገብቶ «አውሬው የት አለ?» ብሏል።

ዳይሬክተሩ ትምህርት ቢሆነኝ ብሎ ሲኒማ ሰደደኝ። ያው እኛ የምንጫወትበት፣ ጣልያን ትቶት የሄደው አዳራሽ ነው፤ የሕንድ ሲኒማ ያሳዩ ነበር። ሴቲቱ በማላውቀው ቋንቋ ታለቅሳለች፣ ትዘፍናለች፣ መጨረሻ ላይ ሰውየው እግር ላይ ትወድቃለች። ቋንቋው አንድም አልገባኝም፤ የምትለምነው ግን ሁሉም ገባኝ። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬም ገብቶት ነበር መሰለኝ «እንዲህ ነው እንጂ» አለ። እነዚህ ሰዎች ባሕር ተሻግረው ከእኛ ዘንድ ነው እንዴ የተማሩት አልሁ በሆዴ። ለቅሶዋን ግን መስረቅ አልቻልሁም፤ ሴቲቱ በጣም ወፍራም ነበረች።

ወደ ቤቴ ስመለስ እታለም ምስር ትለቅማለች። አንድ ሐሳብ ብልጭ አለልኝ። ሴት ፍለጋ ሲኒማ ቤት ለሲኒማ ቤት ስዞር ሴቲቱ ቤቴ ቁጭ ብላለች። ነገሩን ነገርኋትና ስሄድ አሳየኋት። ከመጣች ጀምሮ ጥርሷን አይቼው አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን ምስሩን እስክትደፋ ሳቀች። «ጭቃ ውስጥ የገባ በሬ መሰልህ እኮ» አለችኝ። ከዚያ ተነሥታ ታስተምረኝ ጀመር። እውነቴን ነው፤ እንደዚያን ሰሞን የተደሰትሁበት ጊዜ የለም። ከትምህርት ቤት ስመጣ ቀሚሷን እለብሳለሁ፤ እሷ ቁጭ ብላ «ዝቅ በል፣ ቀስ በል፣ አትዝለል» ትለኛለች።

የግርፋቱ ቦታ ላይ ስንደርስ ወርቁ እንዴት እንደሚመታኝና እኔ እንዴት እንደምጮህ አሳየኋት። ራሷን ነቀነቀች።

«እንዲህ አይደለም» አለች። «ሲመታህ ትከሻህን ስጠው፤ ፊትህን አትስጠው። ከቀሚሱ ሥር ኩታ አጥፈህ አድርግ። አትጩህ፤ ከጮህህ ይብስበታል። ዝም ካልህ ቶሎ ይሰለቸዋል።»

ድንቅ ምክር ነው አልሁና ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ጻፍሁት። እናንተዬ፣ ጻፍሁት ስላችሁ። «አንደኛ፣ ትከሻ። ሁለተኛ፣ ኩታ» ብዬ ቁጥር ሰጥቼ። እንዴት አወቅሽው ብዬ አልጠየቅሁም። የመውደቁንና የይቅርታውን አኳኋን ደግሞ ስታሳየኝ አንድም ቦታ አልተሳሳተችም። ጉልበቷ የሚያርፍበት፣ አንገቷ የሚዞርበት፣ «እግርዎ ሥር ወድቄያለሁ ጌታዬ» የምትልበት ድምፅ፣ ሁሉም ልኩን የጠበቀ ነበር። «ምነው እታለም፣ መድረክ ላይ ውለሽ ታውቂያለሽ እንዴ?» አልኋት። «ሦስት ጊዜ» አለችኝና ወደ ምስሯ ተመለሰች።

እኔ ግን ከሁሉ የወደድሁት አንድ ነገር ነበር። እታለም ግራ እጇን ሁልጊዜ ከነጠላዋ ሥር ትሸሽጋለች። ውኃ ስትቀዳም፣ ስትቀመጥም በቀኟ ነው። ይህን ዓይቼ ልምምድ ላይ ግራ እጄን ከነጠላዬ ሥር ከተትሁ። ዳይሬክተሩ አጨበጨበ። «ይኼ ነው ጭምትነት! ይኼ ነው የአገራችን ሴት!» አለና ሌሎቹም የጎረቤት ሴት ሆነው የሚጫወቱት አስተማሪዎች ግራ እጃቸውን እንዲሸሽጉ አዘዘ። መድረኩ ግራ እጅ በሌላቸው ሴቶች ተሞላ።

ቤት ገብቼ ይህንኑ በደስታ ነገርኋት።

«ምነው እታለም፣ ግራ እጅሽን የምትሸፍኚው እንዴት ሸጋ ነው መሰለሽ። ዳይሬክተሩ እኮ በጣም ወደደው።»

የያዘችውን አስቀመጠች። ከዚያ ነጠላዋን ገለጥ አደረገችና እጇን በበሩ ወደሚገባው ብርሃን አወጣችው። አንጓዋ ላይ ተሰብሮ ወደ ውጭ ዞሮ ነው የገጠመው። ሁለቱ ትንንሽ ጣቶቿ አይታጠፉም።

«አምና በአጨዳ ነው» አለች። «ነገሩ እንዳይወራ ብሎ ወጌሻ ቤት አላስኬደኝም። እንዲሁ ገጠመ።»

«ለሽማግሎቹ ለምን አልነገርሻቸውም?»

«እኔ? ሴት ልጅ ሽማግሌ ፊት ክንዷን ገልጣ? የሚናገረው ወንድም ነው። አንተ ብዙ አትናገር፤ ያሳደገህንም ሰው አትስደበው። እጇን እዩላት በል። ይችን ብቻ። ሲያዩት አይመልሱኝም።»

«እላለሁ» አልኋት። በእናታችን አጥንት ማልሁላት። ያን ዕለት ራት አልበላሁም። በማግስቱ ግን ልምምድ ላይ ግራ እጄ ራሱ ሄዶ ነጠላዬ ሥር ገባ። ላወጣው አሰብሁ። ዳይሬክተሩ ደግሞ «እጅህን፣ እጅህን አትርሳ» አለኝ፤ ተውሁት። ሰው ከወደደልህ ነገር ላይ እጅን ማውጣት እንዲህ ቀላል አይደለም።

አሁን ደግሞ ጅልነቴን ስሙ። ቴአትሩ የሚታየው ቅዳሜ ነው፤ ሽማግሎቹ የሚቀመጡት እሁድ። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ሦስቱም ሽማግሎች ከተማ እንደሚውሉ አውቃለሁ። እንግዲህ ሰው ሦስት ሳምንት እንደዚያ ደክሞ አንድም የሚያውቀው ሰው ሳያየው ሊቀር ነው? በጠዋት ገበያው ድረስ ሄጄ በራሴ አፍ ጋበዝኋቸው። አያ መኩሪያን «ይምጡ፣ ቁም ነገር ያለበት ነው» አልኋቸው። አያ ደምሌም ለእሁዱ ቀጠሮ መጥቶ ከእነሱ ጋር ቆሞ ስለነበር እሱን ትቶ እነሱን መጥራት ነውር ሆነብኝ። «አንተም ና፣ አያ ደምሌ» አልሁት። በእግዜር ስም፣ ምን አስቤ እንደነበር ብትጠይቁኝ አላውቅም። ጭብጨባ ነበር ያሰብሁት።

ቅዳሜ አዳራሹ ግጥም አለ። ሹማምንት ከፊት፣ ወላጆች ከመካከል፣ ሴቶች ከኋላ። በመጋረጃው ቀዳዳ ሳይ አያ ደምሌ ነጭ ጋቢውን አጣፍቶ ከሽማግሎቹ መካከል ተቀምጧል። እታለምም ከኋላ ነበረች፤ ቀሚሷን እኔ ስለለበስሁት የተዋሰችው ልብስ ነው የለበሰችው።

የግርፋቱ ቦታ ደረሰ። በልምምድ ጊዜ ወርቁ የሚመታው መሬቱን ነበር። ያን ቀን ግን አለንጋውን ሲያነሣ ከአዳራሹ «በላት!» የሚል ድምፅ ወጣ። ወርቁ ደነገጠና መሬቱን መታ። «መሬት ምን አደረገህ? እሷን በላት እንጂ!» አለ ሌላው። ሳቅ ሆነ። ወርቁ ደግ ሰው ነው፤ ዝንብ አይገድልም። ግን ሕዝብ ሲያይህ ደግነት የት እንደሚገባ እንጃ። አንዴ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከዚያ በኋላ ወርቁን አላውቀውም። ኩታ አጥፌ ከሥር ባላደርግ ኖሮ ዛሬ ይህን የሚያወራላችሁ ሌላ ሰው በሆነ። ፊቴን አልሰጠሁትም፤ ትከሻዬን ሰጠሁት። ጽሑፉ ጩህ ቢልም አልጮህሁም፤ እውነትም ቶሎ ሰለቸው። የእታለም ምክር አንድም መሬት ጠብ አላለም።

ድንጋዩስ? ድንጋዩን የሥዕል አስተማሪው ከጨርቅና ከጭድ ሠርቶልኝ ነበር፤ ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ እንደ ትራስ የቀለለ። ይቅርታ ልጠይቅ ስነሣ ድንጋዩ የለም። ለካ አንድ የደከመው ዘበኛ እውነትም ትራስ አድርጎት ተኝቷል። ዳይሬክተሩ ከመጋረጃው ጀርባ ሲራወጥ የአዳራሹን በር ደግፎ የሚይዘውን ድንጋይ አገኘና አንሥቶ አንገቴ ላይ ጫነብኝ። ያን ድንጋይ ጣልያን በማኪና ያመጣው ይመስለኛል። በአንድ እጅ የሚያዝ አይደለም፤ ግራ እጄንም ከነጠላው አውጥቼ በሁለት እጄ ጥርቅም አድርጌ ያዝሁት። እግሬ እየተብረከረከ፣ ላቤ እየወረደ፣ ወርቁ እግር ላይ ስደርስ የወደቅሁት በትወና አልነበረም። ያለቀስሁትም በትወና አልነበረም፤ አንገቴ ተቀጭቶ ነው። «እግርዎ ሥር ወድቄያለሁ ጌታዬ» ብዬ የጮህሁት ጩኸት ጉሮሮዬን ሰንጥቆት ወጣ። ወንዶቹ ቆመው አጨበጨቡ። ከኋላ ከሴቶቹ በኩል አንድም ጭብጨባ አልሰማሁም። ያየሁት አያ ደምሌን ነው። በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ይጠርጋል። ያለቀሰው ለወርቁ ነበር፤ ስንት ችሎ፣ ስንት ታግሦ፣ መጨረሻ ላይ ይቅር አላት ብሎ።

ሹማምንቱ ጨበጡኝ። አንዱ ትልቅ ሰውማ «እንዳንተ ያለ ሁለት ሚስት ቢኖር አገር በተስተካከለ» አሉኝ። አያ መኩሪያ አቅፈው ሳሙኝ። እታለምን ፈለግኋት፤ ሄዳለች።

እሁድ ጠዋት ድምፄ ተዘግቷል። እታለም ማር በዝንጅብል አፍልታ፣ ጤና አዳም ጨምራ አጠጣችኝ። ስለ ቴአትሩ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። «አይዞህ፤ አምስት ቃል የማይሞላ ነገር ነው። ቢያንሾካሽኩትም ይሰማል» አለችኝ። ቀሚሷን አለንጋው የተረተረበትን ጠቅማ ለብሳዋለች፤ ሌላ የክት ልብስ የላትም።

ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወይራው ሥር ተቀመጥን። እታለም ትንሽ ራቅ ብላ ጀርባዋን ለግንቡ ሰጥታ ተቀመጠች። አያ መኩሪያ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

«ባለፈው የተናገርነው ነበረ» አሉ። «የእግዜር ነገር ሆኖ ግን ትናንት ዓይናችን አየ። ያች የተማሩ ሰዎች የጻፏት፣ ሹም የጨበጣት እንኳ ልብ ገዝታ ተመለሰች። ተገርፋ፣ አንጀቷ አሮ፣ ተመለሰች። እኛ ከተማሩት በልጠን ትዳር ልናፈርስ ነው?»

ባለፈው «ሰማንያዋ ይቀደድ» ያሉት ሁለቱ ሽማግሎች ራሳቸውን ነቀነቁ። አያ ደምሌ ተነሥቶ እጅ ነሣና እንደዚያ ባል እሱም እንደሚምራት ተናገረ። እንዲያውም የወርቁን ቃል ከነአነጋገሩ ይዞት ነበር።

አያ መኩሪያ ወደ እኔ ዞሩ። «ወንድም፣ ቃል አለህ?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ያን ቀን ጠዋት ከቤት ስንወጣ አንድ ውሻ ሊነክሰኝ መጣ። እሷ ቀድማ ሄዳ መንገዱን ታጥፋ ስለነበር አልሰማችም፤ እኔ ግን ውሻውን «ሂድ!» አልሁት፤ ድምፄ ጥርት ብሎ ወጣ። ውሻውም ሄደ። ስለዚህ ወይራው ሥር ስቀመጥ ድምፅ እንዳለኝ አውቃለሁ።

አያ ደምሌን አየሁት። በአህያ የላከልኝ ስንቅ፣ በየክረምቱ የገዛልኝ ልብስ ሁሉ ፊቴ ላይ ተደረደረ። አያ መኩሪያ ትናንት የሳሙኝ ጉንጬ ገና አልቀዘቀዘም። «እጇን እዩላት» ብል ትናንት ያጨበጨቡልኝ ሰዎች ሁሉ ዛሬ ጭብጨባቸውን መልሰው የሚወስዱ መሰለኝ። አፌን ከፈትሁ። ከዚያ በጣቴ ወደ ጉሮሮዬ አመለከትሁና ራሴን ነቀነቅሁ።

አያ መኩሪያ በርኅራኄ አዩኝ። «ትናንት እንደዚያ ሆኖ ያለቀሰ ሰው ዛሬ ድምፅ ከየት ያመጣል? የእሱን ቃል ትናንት ሰምተናል» አሉ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

እታለም አየችኝ። ከዚያ በኋላ አላየችኝም።

ሳትናገር ከቤቷ የወጣች ናትና ድንጋዩን እሷ ትሸከም ተባለ። ድሮ እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን ለደንቡ ያህል ትንሽ ጠጠር ነበር የሚነሣው። አንደኛው ሽማግሌ ግን «ትናንት እንዳየነው ይሁን እንጂ» ብለው ተነሥተው ከግንቡ ሥር ደህና ድንጋይ መርጠው አመጡ። እታለም በቀኝ እጇ ወደ አንገቷ አወጣችው። ግራዋ ከነጠላዋ ሥር አልወጣም። ድንጋዩ እየተንሸራተተ፣ እሷም ወደ አንድ ጎን እየዘመመች አያ ደምሌ እግር ድረስ ሄደች። ጉልበቷ ያረፈበት፣ አንገቷ የዞረበት፣ ሁሉንም አውቀዋለሁ፤ ቁጥር ሰጥቼ ጽፌዋለሁ። «እግርዎ ሥር ወድቄያለሁ ጌታዬ» አለች። አያ ደምሌ «ተነሺ፣ ምሬሻለሁ» አለ።

አያ መኩሪያ አንሥተው መረቋት። ከምርቃታቸው በኋላ ፈገግ ብለው፣ እንደ አባት፣ እንዲህ አሏት፤

«ደህና ነው ልጄ፤ ግን የወንድምሽ ይሻል ነበር። እሱ በሁለት እጁ ነበር የያዘው።»

ሰኞ ረፋዱ ላይ ወደ ደባርቅ የሚሄድ የእህል ማኪና ተገኘ። አያ ደምሌ ከሾፌሩ አጠገብ ገባ። እታለም ከኋላ ባዶ ጆንያዎቹ ላይ ወጣች፤ በአንድ እጇ ስለሆነ ረዳቱ ደግፎ ነው ያወጣት። እኔ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቆሜያለሁ። ከእሁድ ጠዋት ጀምሮ በቤታችን ውስጥ እየተንሾካሾክሁ ነበር የቆየሁት፤ ጀምሬዋለሁና ማቆሚያው ጠፍቶኝ። ማኪናው ሲነሣ ግን ረሳሁት።

«እታለም!» ብዬ ጮህሁ። መንገዱ ማዶ ያሉ ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩኝ።

እሷም ዞረች። መቼም ሊቆጣኝ የሚገባው ሰው ቢኖር እሷ ናት፤ ፊቷ ላይ ቁጣ ፈለግሁ፤ አጣሁ። ያሳደገችኝ ሴት ናት፤ ልጅ ሳለሁ ትኩሳት ሲለቀኝ ታየኝ እንደነበረው ነበር ያየችኝ። እውነቷን ነበር ደስ ያላት።

«እሰይ» አለችኝ፤ «ድምፅህ ተመለሰልህ?»